የተነገረው እና የተሰማው፦ የጤና መልእክት ከሰሚው ዘንድ የሚደርሰው እንዴት ነው?

በ2006 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ተለይቶ ካልተነገረ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በሦስት ከተሞች ወደሚገኙ ክሊኒኮች የመጡ 395 ሕሙማንን አሳትፎ ነበር። እያንዳንዱ ታካሚ የመድኃኒት ብልቃጥ ይሰጠውና በላዩ የተለጠፈውን መመሪያ እንዲያነብ ይጠየቃል። ከመመሪያዎቹ አንዱ «ሁለት ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ በአፍ ይወሰድ» የሚል ነበር። የማንበብ ችሎታቸው ዝቅተኛ ከሆነው ታካሚዎች መካከል 71 ከመቶ የሚሆኑት ቃሉን ሳያዛንፉ መልሰው ተናገሩ። ቀጥሎ ግን በአንድ ቀን የሚወስዱትን ያህል ቆጥረው እንዲያሳዩ ሲጠየቁ፣ አራት ፍሬ ቆጥረው ያወጡት 35 ከመቶ ብቻ ሆኑ።

ንባቡ ትክክል፣ ቆጠራው ስህተት መሆኑ ነው። የስህተቱ ምንጭ ግድየለሽነት አልነበረም፤ ሁለቱን ቁጥሮች አጣምሮ ወደ ድርጊት የመለወጡ ሥራ ለታካሚው ስለ ተተወ ነው። መመሪያው «ጧት ሁለት ፍሬ፣ ማታ ሁለት ፍሬ» ቢል ኖሮ ማባዛት ባላስፈለገ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም የመውሰጃውን ጊዜ በግልጽ የሚናገሩ መመሪያዎች ለታካሚው የተሻለ እንደሚገቡ አሳይተዋል።

የጤና ተግባቦት በመባል የሚታወቀው የጥናት መስክ ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ያተኮረው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው። ቀድሞ ዋናው ጥያቄ «ለሕዝቡ ምን እንንገረው?» የሚል ነበር። ዛሬ ግን «የነገርነው ነገር በሰሚው ዘንድ ምን ሆኖ ተገኘ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከአገሩ ርቆ ለሚኖርና ለሚሠራ ሰው ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። መልእክቱ በአንድ ቋንቋ ተጽፎ፣ በሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ፣ አንዳንዴም በሦስተኛ ሰው አፍ አልፎ ነው የሚደርሰው፤ በእያንዳንዱ እርከን ላይም የሚፈስ ነገር አለ።

ፍርሃት መድኃኒት የማይሆንበት ጊዜ

ሰዎች የጤና ምክርን የማይቀበሉት ስለማያውቁ ነው፣ ስለዚህ ብናሳውቃቸው ይቀበላሉ የሚለው አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ የጤና ባለሥልጣናት መመሪያ ሆኖ ኖሯል። በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ይህንን አስተሳሰብ ክፉኛ ነቀነቀው። ተመራማሪዎቹ ለ1,759 አሜሪካውያን ወላጆች የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባትን የሚመለከቱ አራት ዓይነት መልእክቶችን አቀረቡ። አንደኛው ክትባቱ ኦቲዝምን ያመጣል የሚለውን ወሬ በማስረጃ የሚያስተባብል፣ ሁለተኛው የበሽታዎቹን አደጋ የሚዘረዝር፣ ሦስተኛው የታመሙ ሕፃናትን ፎቶግራፍ የሚያሳይ፣ አራተኛው ለጥቂት ከሞት ስለ ተረፈ ሕፃን የሚተርክ ነበር። ከአራቱ አንዱም ወላጆች ልጆቻቸውን ለማስከተብ ያላቸውን ፈቃድ አልጨመረም። እንዲያውም ፎቶግራፎቹን ያዩት ወላጆች ክትባቱ ከኦቲዝም ጋር ይያያዛል የሚለውን ይበልጥ አመኑ፤ ታሪኩን ያነበቡት ደግሞ ክትባቱ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት አለው ብለው ይበልጥ ሠጉ።

ከዚህ ተነሥቶ «ወሬን ማስተባበል ወሬውን ያጠናክረዋል» የሚል ድምዳሜ በየቦታው ተሰምቶ ነበር። ድምዳሜው ግን ተቻኩሎ የተደረሰበት ነው። በ2020 ሃያ ሁለት ምሁራን በጋራ ያዘጋጁት የሐሰት መረጃ ማስተባበያ መመሪያ እንደሚያስረዳው፣ ማስተባበል አብዛኛውን ጊዜ ይጠቅማል፤ ወደ ኋላ የሚመታው ከስንት አንዴ ነው። ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እውነቱ አስቀድሞ በአጭሩ ይነገራል፤ ከዚያ ወሬው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሐሰት መሆኑ ተገልጾ፣ ይጠቀሳል፤ ስህተቱ የት ላይ እንዳለ ይብራራል፤ በመጨረሻም እውነቱ ይደገማል። በዋትስአፕና በቴሌግራም የሚዘዋወሩ ብዙ ማስተባበያዎች የሚሠሩት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ሐሰቱን በትልቅ ፊደል በርዕስነት ያስቀምጡና እውነቱን ከታች በደቃቅ ጽሑፍ ያኖሩታል።

ፍርሃት ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል በምዕራብ አፍሪካ የደረሰው የኢቦላ ወረርሽኝ ያስተምራል። በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ2014 እስከ 2016 በዘለቀው በዚያ ወረርሽኝ ከ28,600 በላይ ሰዎች ታመው ከ11,300 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በግድግዳና በሬዲዮ የተሠራጨው መልእክት ኢቦላ ገዳይ መሆኑንና መድኃኒት እንደሌለው የሚናገር ነበር። በወቅቱ ቃሉ ከእውነት የራቀ አልነበረም። ሰሚው ግን ከዚያ ተነሥቶ የራሱን ምክንያታዊ መደምደሚያ አደረገ፤ መድኃኒት ከሌለው የታመመ ልጄን ከማላውቃቸው፣ ፊታቸውን ከሸፈኑ ሰዎች እጅ ለምን እጥላለሁ? ቤቱ፣ በእናቱ እጅ ይሙት። በዚህ ምክንያት ሕሙማን ተደበቁ፣ አስታማሚዎችም ተያዙ። ጥርጣሬው እጅግ ከመክረሩ የተነሣ በመስከረም ወር 2014 በደቡብ ጊኒ ዎሜ በምትባል መንደር ለማስተማር የሄዱ የጤና ሠራተኞችና ጋዜጠኞች የሚገኙባቸው ስምንት ሰዎች ተገደሉ።

መልእክቱ በሂደት ተለወጠ። ቶሎ የታከመ ሰው የመዳን ዕድሉ እንደሚጨምር መነገር ጀመረ፤ የዳኑ ሰዎችም ወጥተው እንዲናገሩ ተደረገ። ከሁሉ በላይ ግን የቀብር ሥርዓቱ ጉዳይ ይጠቀሳል። የዓለም የጤና ድርጅት በወቅቱ እንደ ገመተው ከአዳዲሶቹ ተያዦች ቢያንስ 20 ከመቶ የሚሆኑት በሽታው የተጋባባቸው በቀብር ጊዜ ነበር። አስከሬን ማጠብና መንካት እንዲቀር የተሰጠው ትእዛዝ ግን ለቤተሰቡ የተሰማው «ሟችህን እንደ ቆሻሻ ጣለው» ተብሎ ነው። ድርጅቱ ከክርስቲያንና ከሙስሊም ተቋማት ጋር ተመካክሮ በኅዳር 2014 ያወጣው አዲስ ደንብ «ጥንቃቄ የተሞላበት» በሚለው ላይ «ክብር የተሞላበት» የሚለውን ጨመረ። ቤተሰቡ እንዲጸልይ፣ ከርቀት እንዲያይ፣ ሙስሊም ከሆነ ለሟቹ ደረቅ ትጥበት እንዲደረግለት፣ ስሙም በመቃብሩ ላይ እንዲጻፍ ደንቡ ፈቀደ። የንጽሕና ጥበቃው አልላላም፤ ሰዎቹ ግን እንደ ሰው ተጠየቁ።

«በእጥፍ ጨመረ» ማለት ስንት ነው?

ቁጥር ሲነገር የማይዋሽ ይመስለናል። በጥቅምት 1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ ለሐኪሞች አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ ላከ። በጊዜው አዲስ የነበሩ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ በእጥፍ፣ ማለትም በ100 ከመቶ ይጨምራሉ የሚል ነበር። ዜናው በሬዲዮና በጋዜጣ ተናኘ። ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን በአንድ ጊዜ አቋረጡ። በማስጠንቀቂያው ውስጥ ጎልቶ ያልተነገረው ነገር ይህ ነበር፦ የቀድሞውን እንክብል ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች መካከል ደም የሚረጋባት አንዲት ስትሆን፣ አዲሱን ከሚወስዱ 7,000 መካከል ሁለት ናቸው። ከአንድ ወደ ሁለት መድረስ በእርግጥ እጥፍ ነው፤ ጭማሪው ግን ከ7,000 ሴቶች መካከል አንዲት ሴት ናት። በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 13,000 የሚጠጋ ተጨማሪ የፅንስ ማቋረጥ እንደ ተፈጸመ ተገምቷል። እርግዝና ራሱ ከእንክብሉ የበለጠ የደም መርጋት አደጋ ያለው መሆኑን ስናስብ፣ ማስጠንቀቂያው ሊከላከል የፈለገውን ጉዳት ራሱ አባባሰው ማለት ይቻላል።

ጀርመናዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ጌርድ ጊገሬንዘር ይህንን ታሪክ ደጋግሞ የሚጠቅሰው ለዚህ ነው። ምክሩም ቀላል ነው፤ «በዚህን ያህል ከመቶ ጨመረ» የሚል ዜና የሰማ ሰው «ከስንት ሰው ስንት?» ብሎ ይጠይቅ። ገበያ ሄዶ «ዋጋው በግማሽ ቀንሷል» የተባለ ሰው መጀመሪያ ስንት እንደ ነበር ሳይጠይቅ ገንዘቡን አያወጣም፤ በጤናውም ጉዳይ ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ሊያደርግ አይገባም።

ስላልተረጋገጠ ነገር በግልጽ መናገርስ አመኔታን ያሳጣ ይሆን? በ2020 የታተመ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ግምቱ ከዚህ እስከዚህ ይደርሳል ብሎ በቁጥር መግለጽ በአመኔታ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው። ጎላ ያለ ጉዳት ያደረሰው በደፈናው «ሊበዛም ሊያንስም ይችላል» የሚለው አነጋገር ነበር።

አጫጭር የስልክ መልእክቶችም ተፈትነዋል። በአሜሪካ 47,306 ታካሚዎችን ባሳተፈና በ2021 በታተመ ጥናት 19 ዓይነት የጉንፋን ክትባት ማስታወሻዎች ተወዳደሩ። ቀልድ የያዙ ነበሩ፣ የቤተሰብን ጤና የሚያነሡም ነበሩ። ያሸነፈው ግን ያለ ምንም ጌጥ ክትባቱ በስምዎ ተይዞልዎታል የሚለውና ከቀጠሮው በፊት ሁለት ጊዜ የተላከው መልእክት ነው፤ የተከታቢዎችን ቁጥር በ11 ከመቶ ገደማ ከፍ አደረገ። (ከላይ ባለው ምክር መሠረት «ከስንት ሰው ስንት?» ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ፦ ማስታወሻ ካልደረሳቸው 100 ሰዎች 42 ያህሉ ሲከተቡ፣ ይህ መልእክት ከደረሳቸው 100 ሰዎች ደግሞ 46 ወይም 47 ያህሉ ተከትበዋል።)

የባንግላዴሽ ሦስት ጣት ጨው

ስለ ጤና መልእክት የተጻፈውን ሁሉ ትተን አንድ ምሳሌ ብቻ እንያዝ ብንባል የምንመርጠው የባንግላዴሹን ነው። በ1970ዎቹ ማብቂያ በዚያች አገር ተቅማጥ የሕፃናት ዋነኛ ገዳይ ነበር። መፍትሔው ይታወቅ ነበር፤ በዳካ የኮሌራ ምርምር ማዕከል ከተፈተኑት ሥራዎች የተገኘው ጨውና ስኳር የተመጠኑበት ውኃ፣ ዛሬ በእኛ ዘንድ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ኦ.አር.ኤስ. የምንለው፣ የፈሰሰውን የሰውነት ውኃ ይተካል። ችግሩ በፋብሪካ የታሸገው ዱቄት ለገጠሩ ሕዝብ የማይዳረስ መሆኑ ነበር። ፋዝሌ ሐሰን አቤድ የመሠረቱት ብራክ የተባለው ድርጅት ታዲያ እናቶች ራሳቸው በቤታቸው ካለው ነገር እንዲያዘጋጁት ማስተማርን መረጠ። በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨው፣ አንድ ጭብጥ ጥቁር የሸንኮራ ስኳር፣ ግማሽ ሴር ውኃ። ሴር የአገሩ መስፈሪያ ነው፤ እያንዳንዷ እናት ከቤቷ ዕቃ በአንዱ ላይ ውኃው የሚደርስበትን ልክ ምልክት ታደርግበታለች።

ከ1980 እስከ 1990 የድርጅቱ ሴት ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦችን አስተማሩ። ትምህርቱ በወረቀት አልተሰጠም። ሠራተኛዋ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ እናቲቱ በገዛ እጇ ቆንጥራ እንድትቀላቅል አድርጋ፣ ሊታወሱ የሚገባቸውን ጥቂት ነጥቦች በቃል ታስጠናለች።

የሠራተኞቹ ደመወዝ አከፋፈል በጊዜው ያልተለመደ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ተቆጣጣሪ ከተማሩት እናቶች አንዳንዶቹን በዕጣ መርጦ ይጎበኛል፤ ምን እንደሚያስታውሱ ይጠይቃል፣ ውሁዱን እንዲያዘጋጁ ያደርጋል፣ ናሙናውም በላቦራቶሪ ይመረመራል። ጨው ከበዛ ሕፃኑን ሊጎዳ ይችላልና ምርመራው የይስሙላ አልነበረም። ለአስተማሪዋ የሚከፈላት እናቲቱ በያዘችው ልክ እንጂ አስተማሪዋ በተናገረችው ልክ አልነበረም። ስንት በራሪ ወረቀት እንደ ታደለና ስንት ስብሰባ እንደ ተካሄደ ብቻ የሚቆጥሩ ዘመቻዎች ዛሬም ድረስ ከዚህ አሠራር ሊማሩ የሚችሉት ብዙ ነው።

ሆኖም በመጀመሪያው ጊዜ ውጤቱ አሳዛኝ ነበር። እናቶቹ አሠራሩን በሚገባ ያውቁታል፤ ልጃቸው ሲታመም ግን የሚጠቀሙበት ጥቂቶች ነበሩ። ምክንያቱ ሲመረመር ሁለት ነገር ተገኘ። አስተማሪዎቹ ራሳቸው ሲያማቸው ሌላ መድኃኒት ይወስዱ ነበር እንጂ የሚያስተምሩትን ውሁድ አያምኑበትም ነበር፤ እናቶቹም ይህ አልጠፋቸውም። ሁለተኛ፣ ባሎችና የመንደሩ ታላላቆች ጨርሶ አልተነገራቸውም ነበር። ድርጅቱ ሠራተኞቹን ወደ ዳካ ወስዶ ውሁዱ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ አስተማራቸው፤ በየቤቱ ሲያስተምሩም በእናቶቹ ፊት ራሳቸው እንዲጎነጩት አደረገ። ለወንዶች በገበያና በመስጊድ ስብሰባዎች ተዘጋጁ። አጠቃቀሙ ከዚያ በኋላ ከፍ እያለ ሄደ፤ ባንግላዴሽ ዛሬ ይህን ሕክምና በብዛት በመጠቀም በዓለም ግንባር ቀደም ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት።

ኢትዮጵያም በ2003 የጀመረችው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በተመሳሳይ እምነት ላይ የቆመ ነው። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች ከየቀበሌያቸው ተመልምለው ለአንድ ዓመት ሠልጥነው ወደዚያው ተመለሱ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 አልፏል። ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባትና ስለ ወባ አጎበር የምትናገረው የእገሌ ልጅ መሆኗ የመልእክቱ አንድ ክፍል ነው።

አስተርጓሚው ማን ነው?

ሰው አገር ታክሞ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። በ2003 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በአንድ የሕፃናት ክሊኒክ በስፓኒሽ አስተርጓሚ የተካሄዱ 13 የሕክምና ውይይቶችን በድምፅ ቀርጾ ቃል በቃል መረመረ። 396 የትርጉም ስህተቶች ተገኙ፤ በአንድ ውይይት በአማካይ 31 ማለት ነው። ከእነዚህም 63 ከመቶ የሚሆኑት በሕክምናው ላይ ጉዳት ሊያስከትሉ የሚችሉ ነበሩ። የመድኃኒት አለርጂ ስለ መኖር አለመኖሩ የቀረበው ጥያቄ ሳይተረጎም የታለፈበት ጊዜ አለ። ለፊት ሽፍታ ብቻ የታዘዘው ቅባት መላ ሰውነት ይቀባ ተብሏል። የጆሮ ሕመም ለነበረበት ልጅ በአፍ የሚወሰደው አሞክሲሲሊን በሁለቱም ጆሮዎቹ ውስጥ እንዲጨመር ለእናቱ ተነግሯታል። በሙያው ባልተመደቡ ሰዎች፣ ማለትም በነርሶች፣ በማኅበራዊ ሠራተኞችና በአንዲት የ11 ዓመት እኅት በተተረጎሙት ውይይቶች አደገኛ ስህተቶች በብዛት ታይተዋል።

የጽሑፍ ትርጉምም ነፃ አይደለም። በ2010 በኒው ዮርክ ብሮንክስ የተደረገ ጥናት በኮምፒዩተር ተተርጉመው ከታተሙ 76 የመድኃኒት መለያዎች ግማሾቹ ስህተት እንዳለባቸው አገኘ። በአንዳንዶቹ ላይ «አንድ ጊዜ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ዋንስ» ሳይተረጎም ቀርቷል። ፊደሎቹ በስፓኒሽ ሲነበቡ ትርጉማቸው አሥራ አንድ ነው። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት በቀን አሥራ አንድ ጊዜ ሆነ ማለት ነው።

ዛሬ ስልኩን አውጥቶ መመሪያን በተርጓሚ መተግበሪያ የሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ነው። ከቋንቋው ባልተናነሰ የሚያሳስተው ግን ሰዓቱ ነው። ሆስፒታሉ «8 ሰዓት» ሲል በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት ማለቱ ነው፤ በለመደው ሰዓት የሄደ ሰው የሚደርሰው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ነው። ቀጠሮ ቢያልፍ ሌላ ቀጠሮ ይያዛል። ከቀዶ ሕክምና በፊት «ከሌሊቱ 12 ሰዓት በኋላ ምግብ እንዳይቀምሱ» ሲባል ግን ነገሩ ይከፋል። የታሰበው እኩለ ሌሊት፣ ማለትም በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። የታካሚው 12 ሰዓት ንጋት ላይ ከሆነ ሲነጋጋ በልቶ ሊመጣ ይችላል፤ ሆዱ ያልጎደለ ሰው ደግሞ በማደንዘዣ ውስጥ ሳለ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። 12 ሰዓትን የምሽቱ አድርጎ የተረዳ የስኳር ሕመምተኛም ስድስት ሰዓት ተጨማሪ ይጾማል፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ 05/2024 የሚል የማብቂያ ጊዜ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ በእኛ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ማለት ነው። ዓመቱን በአገሩ አቆጣጠር የሚያስብ ሰው ግን መድኃኒቱ ገና ብዙ ዓመት የሚቆይ ይመስለዋል፤ አምስተኛውንም ወር ጥር ብሎ ሊያነበው ይችላል። «በቀን ሦስት ጊዜ» የሚለውም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። በአማርኛ «ቀን» ሃያ አራቱንም ሰዓት ይሆናል፣ ብርሃን ያለበትንም ክፍል ብቻ ይሆናል። «በየ8 ሰዓቱ» ማለት ይህን አሻሚነት ያስቀራል።

ከራሳችን የበሽታ ስሞችም የሚያሳስቱ አሉ። «ደም ብዛት» የሚለው ስም ደም መብዛቱን እንጂ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ግፊት ማየሉን አይናገርም። «ደም ማነስ» ተቃራኒው ይመስላልና አንዱ ያለበት ሰው ሌላው ሊኖርበት እንደማይችል ሊያስብ ይችላል፤ ሁለቱ ግን በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ። «ስኳር» የሚለው ስም ደግሞ ትኩረቱን በሙሉ ከሻይ ብርጭቆው ላይ ያሳርፈውና እንጀራን፣ ዳቦንና ሩዝን ያስረሳል።

የትርጉም ችግርን በሙሉ የሚያስወግድ መንገድ የለም፤ በየትም አገር ግን ጥሩ ውጤት ያሳየ አንድ ልማድ አለ። ታካሚዎች ከሐኪም ከሚነገራቸው ነገር ከ40 እስከ 80 ከመቶ የሚሆነውን ወዲያው እንደሚረሱ፣ ከሚያስታውሱትም ግማሽ ያህሉ የተሳሳተ እንደሆነ በ2003 የታተመ የጥናቶች ዳሰሳ ያመለክታል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ አይደለም። ለዚያ ጥያቄ በተለይ ታላቅን አክብሮ ያደገ ሰው «አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይወጣል። መፍትሔው ታካሚው የተነገረውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲያስረዳ ማድረግ ነው። ባለሙያው ባይጠይቅም ታካሚው ራሱ «የገባኝን ልናገርና ስህተት ካለ ያርሙኝ» ሊል ይችላል። አሠሪ፣ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ በሚያስተረጉምበት ጊዜም ይህንኑ ማለት አያስነውርም። ለሌላ ሰው ጆሮ የማይሆን ጉዳይ ሲኖር ደግሞ የሆስፒታሉን አስተርጓሚ፣ ወይም በስልክ የሚያስተረጉም ባለሙያ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ይቻላል።

ሙቀቱና «ምች»

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በየዓመቱ ከሚተላለፉ የጤና መልእክቶች ለሠራተኛው በጣም የሚቀርበው የበጋው ሙቀት ጉዳይ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15፣ ከቀኑ 12፡30 እስከ 3፡00 ድረስ በቀጥታ ፀሐይ ሥር መሥራትን ይከለክላሉ። ይህ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሲሆን፣ ቀኑም በአብዛኛው ዓመት ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ በተመሳሳዩ ጊዜ በእኛ ከቀኑ 6፡00 እስከ 9፡00፣ በኳታር ደግሞ ከሰኔ 1 ጀምሮ (በእኛ ግንቦት 24) ከጧቱ 4፡00 እስከ ቀኑ 9፡30 ድረስ ይከለከላል።

እዚህ ላይ ከቃል ያለፈ ችግር አለ። በፀሐይ ውሎ ራሱን ያመመውና ትኩሳት የተሰማው ኢትዮጵያዊ «ምች መታኝ» ይላል። ምች ግን የከንፈር ቁስልንም፣ ቀላል ትኩሳትንም፣ የራስ ምታትንም የሚያቅፍ ሰፊ ስም ነው፤ መድኃኒቱም ዳማከሴ ጨምቆ መጠጣት ወይም መታሸት፣ ከዚያም ተሸፋፍኖ መተኛት ነው። በሙቀት ለተመታ ሰው መሸፋፈን የሚያስፈልገው ተቃራኒ ነው። ሐኪሞች በሙቀት መመታት የሚሉት የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪ ሴልሽየስና ከዚያ በላይ የደረሰበትን፣ ሰውዬው የሚቀባዥርበትን፣ የሚንገዳገድበትን ወይም ራሱን የሚስትበትን ሁኔታ ነው። ላብ መኖሩ አደጋውን አያስቀርም፤ በከባድ ሥራ ላይ እያሉ የተመቱ ሰዎች ብዙ ጊዜ እያላቡ ነው የሚወድቁት።

እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ሰው ተኝቶ እስኪሻለው አይጠበቅም። ለአምቡላንስ በኤምሬቶች 998፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በኳታር 999 ይደወላል። አምቡላንሱ እስኪደርስ ሰውዬውን ወደ ጥላ ማስገባት፣ ልብሱን ማላላት፣ መላ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውኃ እያረጠቡ ማራገብ፣ በረዶ ከተገኘም በብብቱና በአንገቱ ማድረግ ይገባል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ውኃ በአፉ አይሰጥም።